በባዶ ሆድ

ሚሬላ ስትተኛ እናቷ ቲቲና አትተኛም። ልጅቷ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንኮራፋቷ ግን የሽማግሌ ነው። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ ክፉው ቀጥ ሲል ነው። ቀጥ ይላል፣ ክፍሉ ጭር ይላል፣ ቲቲና በጨለማ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ልጅቷ ከጥልቅ ውሃ ብቅ እንዳለ ሰው አየሩን ግጥም አድርጋ ትስብና ማንኮራፋቷን ትቀጥላለች። እናቲቱ ግን እንደተቀመጠች ይነጋል።

ነገሩ ቶንሲል ነው። አብጦ ጉሮሮዋን ዘግቶታል፤ መውጣት አለበት ከተባለ ቆየ። መጀመሪያ ቀጠሮ ሲይዙላት ጉንፋን ያዛትና ቀረ። ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ታመመ። የሰፈሩ ሆስፒታል የራሱ የጉሮሮ ሐኪም የለውም። ዶክተር ሚሊቴሎ ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ፣ ከትልቁ ሆስፒታል፣ ሲመቸው ብቻ ብቅ ይላል፤ ያን ቀን ያመለጠው ሰው እንግዲህ ዕድሉን ይጠብቅ። ናፖሊ ሰፊ ናት፤ የእነ ቲቲና ሰፈር ከድልድዩ ሥር ነው፤ ወደ ድልድዩ ሥር ሰው በየቀኑ አይወርድም።

ቲቲና ሁሉም ነገር ክፉ ክፉው የሚታያት ሴት ናት። አውቶቡስ ከዘገየ ተገልብጧል፤ ስልክ በማለዳ ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ ዘመድ ሳይጠራ ከመጣ ሊያረዳ ነው። ባሏ ጋኤታኖ፣ የከተማው ጽዳት መኪና ሾፌር፣ «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ደግ ደጉን አስቢ!» ይላታል። «አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝም» ትለዋለች። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ከኋላዋ ሟርተኛ ይሏታል። ከፊቷ የሚሏትም አሉ።

እንግዲህ ሦስተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ልጆቹ ከዋዜማው ጀምሮ የሕፃናት ክፍል ተኝተዋል፤ አራት አልጋ፣ አራት ልጅ፣ ሁሉም የቶንሲል። የቲቲና ሚሬላ፤ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠው የሎሬዳና ልጅ ኑንትሲዮ፤ የአሱንታ መንታዎች። እያንዳንዷ እናት ከልጇ አጠገብ ወንበር ላይ አድራለች። ማታ ሲስተር ኦርኔላ በር ላይ ቆማ ጣቷን እያወዛወዘች አስጠንቅቃቸው ነበር።

«ከአሁን በኋላ ምንም! ዳቦም፣ ወተትም፣ ከረሜላም!»

«ቡናስ?» አለች አሱንታ።

«ለሕፃን ቡና?»

«ለእኔ ነው እንጂ!»

«አንቺ ከፈለግሽ በርሜሉን ጨልጪው። ልጆቹ ግን በባዶ ሆድ ነው የሚገቡት። በባዶ ሆድ! ሰማችሁ?»

ሰምተዋል። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሲስተርም አልነገረችም። ሲስተር ያለችው ሁሉ ምክንያት ይኑረው ከተባለ ቀኑ አይበቃም።

ሲነጋ ሰፈሩ ሁሉ ዘይት ዘይት ሸተተ። ቀኑ የቅዱስ ዮሴፍ ነው። በዚያን ቀን በየቤቱና በየጎዳናው ዘፖላ ይጠበሳል፤ ክብ ሊጥ ዘይት ውስጥ ገብቶ ወርቅ መስሎ ይወጣል፤ ክሬም ይደረግበታል፤ በክሬሙ ላይ አንዲት ጎምዛዛ ቼሪ ጉብ ትላለች። በቅዱስ ዮሴፍ ቀን ዘፖላ ያልቀመሰ ሰው ዓመቱ አያምርለትም፤ ይህን የማያውቅ በሰፈሩ የለም። ሽታው በመስኮቱ ሲገባ አራቱ ልጆች አራት ትንንሽ አፍንጫ ወደ ላይ ቀሰሩ።

ቲቲና ባሏ ከሥራ ሳይወጣ ልደውልለት ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሄደች፤ ክፍሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም።

«ገባች?» አለ ጋኤታኖ።

«ገና ናት። ፊቷ ገርጥቷል።»

«ርቧት ይሆናል።»

«አይደለም፣ አንድ ነገር ታውቋት ነው። ልጅ ይታወቀዋል።»

«ቲቲና፣ ቶንሲል ነው። የእኔም ወጥቷል፤ ይኸው አለሁ።»

«ያንተ ጊዜ ሌላ ነበር።»

«የኔ ጊዜማ ሐኪሙ በአንድ እጁ ሲጋራ ይዞ ነበር የሠራኝ!»

ስትመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አራቱም ልጆች አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሐውልት ቀጥ ብለው ተኝተዋል። ቲቲና ዝም ያለ ልጅ አታምንም። ሎሬዳና መስኮቱ አጠገብ ቆማ ገመድ ትጠቀልላለች። እግሯ ሥር ዘንቢል አለ።

ይህ ዘንቢል እንግዳ ነገር አይደለም። ጠያቂ የሚገባው ከቀትር በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ዘመድ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ከላይ ዘንቢሉ በገመድ ይወርዳል፤ ፒጃማው፣ ሾርባው፣ የቅዱሱ ሥዕል ተጭኖ ይወጣል። ሲስተሮቹ ይቆጣሉ፤ አንዳንዴም የራሳቸው ምሳ በዚያው ይመጣላቸዋል።

ቲቲና ወደ ሚሬላ ጎንበስ አለች። የልጅቷ ከንፈር ጥግ ላይ ነጭ ነገር አለ። በጣቷ ጠርጋ አሸተተችው። ክሬም ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሚሬላ ዓይኗን ጨፈነች። «አያቴ ናት የላከችው» አለች በተዘጋው ድምፅዋ። «ሙሉውን ነው የበላሁት።»

ቲቲና ወደ መስኮቱ በረረች። ከታች አማቷ ዶና ኤርሲሊያ ወገቧን ይዛ፣ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ፊቷን ወደ ላይ አንጋጣ ቆማለች። ከአጠገቧ አትክልት ሻጩና ሁለት ሴቶች አሉ።

«በላች?» ብላ ጮኸች ዶና ኤርሲሊያ።

«እማማ ኤርሲሊያ! ምንም እንዳይቀምሱ ተብሎ የለም እንዴ?»

«ምን ቀመሱ? አንድ ዘፖላ ነው! አንድ ዘፖላ ሆድ ይሞላል?»

«ባዶ ሆድ ነው ያሉት!»

«በቅዱስ ዮሴፍ ቀን፣ ዘፖላ ሳትቀምስ ቢላዋ ሥር ልትገባ? ቅዱሱን አስቀይመሽ ማንን ልትለምኚ ኖሯል? ለሁሉም ነው የላክሁት፣ ለሰው ልጆችም ጭምር!»

«እውነቷን ነው!» አለ አትክልት ሻጩ ማንም ሳይጠይቀው።

ሎሬዳና የቲቲናን ክንድ ይዛ ከመስኮቱ መለሰቻት። «ዝቅ በይ። ሲስተር ትሰማሻለች።»

«ልትሰማ ይገባታል! ያንቺም በላ?»

«በላ። መንታዎቹም በሉ። ታዲያ ምን ይሁን? ትንሽ ነገር ናት።»

«ቢያስመልሳቸውስ?»

«ያስመልሳቸዋ! ልጅ ያስመልሳል፣ ይጠረጋል። ስሚኝ ቲቲና።» ሎሬዳና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዓሣ ስትሸጥ መንገዱን የምትሞላ ሴት ናት፤ ስትንሾካሾክ ያስፈራል። «የእኔ ልጅ ጆሮው ከደነቆረ ቆየ። አስተማሪዋ ደደብ ነው ብላ ከኋላ አስቀምጣዋለች። ደደብ አይደለም፣ አይሰማም እንጂ። ይሄ ያበጠ ነገር ጆሮውንም ደፍኖታል፤ ካልወጣለት አይሰማም። አሁን አንቺ ብትናገሪ ሁላችንንም ወደ ቤታችን ይመልሱናል። ሰውዬው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ስለዚህ ያንን የሟርት አፍሽን ዛሬ ብቻ ዝጊልኝ።»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለች አሱንታ የመንታዎቹን አፍ በመሐረብ እየጠረገች።

ቲቲና ተቀመጠች። ለወትሮው አንድ ክፉ ነገር ነበር የሚታያት፤ አሁን ሁለት ሆነባት። በአንድ በኩል ምንነቱን የማታውቀው የባዶ ሆዱ ነገር አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ሌሊቱ፤ ያ ቀጥ የሚለው ትንፋሽ፤ አንድ ቀን እሷ ደክሟት ሸለብ ሲያደርጋት፣ ቀጥ እንዳለ ቢቀርስ? ተናገሪ ቢሏት ፈራች፤ ዝም በይ ቢሏትም ፈራች። በሁለት ፍርሃት መሃል ተቀምጣ የልጇን እግር በአንሶላው ላይ ጨበጠች።

በሩ ተከፈተ። የማደንዘዣ ሐኪሟ ዶክተር ሳልዛኖ ገባች። አጭር ናት፤ መነጽሯ ግማሽ ፊቷን ይሸፍናል። ከኋላዋ አልጋ የሚገፋው ሠራተኛ አለ።

«እንዴት አደራችሁ? እናቶች፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የበላ፣ የጠጣ ልጅ አለ?»

«ጭራሽ!» አለች ሎሬዳና።

«የእኔዎቹ እንደ ሁለት መነኩሴ ነው ያደሩት» አለች አሱንታ።

ዶክተሯ ወደ ቲቲና ዞረች። ቲቲና አፏን ከፈተች። ሎሬዳና ቀደመቻት።

«የሷም ምንም አልቀመሰችም። ይቺ ሴት እንኳን ልጇን ልታበላ ራሷም በጭንቀት አትበላም!»

ዶክተሯ ፈገግ አለች። ቲቲና የተከፈተ አፏን መልሳ ገጠመችው።

«በሉ እንግዲህ። በዚህ ጎበዝ እንጀምር።» ኑንትሲዮን ወደ ባለጎማው አልጋ አሻገሩት። ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ እንደ ሙሽራ እጁን እያውለበለበ ከክፍሉ ወጣ። ሎሬዳና እስከ በሩ ሸኘችው፤ አማተበች፤ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች።

የጎማው ጩኸት ኮሪደሩን ይዞ ራቀ። ቲቲና ሰማችው። ስለ ራሷ ልጅ እያሰበች ሳለ ነበር ዝም ያለችው፤ አሁን የሚሄደው ግን የሰው ልጅ ነው። የሰው ልጅ፣ ሆዱ ውስጥ የአማቷን ዘፖላ ይዞ። እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም። ነጠላ ጫማዋ አንዱ በር ላይ ወልቆ ቀረ፤ በአንድ እግሯ ጫማ በአንዱ ባዶ ሮጣ የአልጋውን ብረት ያዘችው።

«አቁሙ! በልቷል!»

«ሴትዮ፣ ልቀቂ» አለ የሚገፋው ሰው።

«አልለቅም! በልቷል! ሁሉም በልተዋል። የእኔም በልታለች።»

ዶክተር ሳልዛኖ ከፊት ዞር አለች። ከኋላ ሎሬዳና ደርሳለች።

«አንቺ ሟርተኛ! ምላስሽ ይቆረጥ! አትስሟት ዶክተር፣ ጤነኛ አይደለችም፤ ሰፈሩን ይጠይቁ!»

ዶክተሯ ወደ ልጁ ጎንበስ ብላ ጆሮው አጠገብ ጮክ አድርጋ ጠየቀችው። «ኑንትሲዮ፣ ዛሬ ምን በላህ?»

«ዘፖላ!» አለ ልጁ ደስ ብሎት። ከዚያ ነገሩ ጥፋት ሳይሆን እንደማይቀር ገባውና «ቼሪውን ግን ለመንታዎቹ ሰጥቻለሁ» ብሎ ጨመረ።

ዶክተር ሳልዛኖ መነጽሯን አወለቀች። ስትናገር አልተቆጣችም፤ ሎሬዳናን ክንዷን ይዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋቻት።

«ስሚኝ እህቴ። እኔ መድኃኒቱን ስሰጠው ሰውነቱ ሁሉ ይተኛል። ጉሮሮውም ይተኛል። ሆዱ ውስጥ ያለው ተመልሶ ከመጣ ወደ ውጭ አይደለም፣ ወደ ሳንባው ነው የሚወርደው። ልጁ ተኝቷል፤ አይስል፣ አይተፋ። ለዚህ ነው ባዶ ሆድ የምንለው። ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። አልነገርናችሁም።»

ሎሬዳና አፏን በመዳፏ ያዘች። ጀርባዋ ግድግዳውን ተከትሎ ቀስ እያለ ወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አልጋው ላይ ልጇ «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይላል።

በዚህ መሃል የኦፕራሲዮኑ ክፍል በር ተበረገደና ዶክተር ሚሊቴሎ አረንጓዴ ልብሱን እንደለበሰ ብቅ አለ። ረጅም ሰው ነው፤ ቅንድቡ እንደ ቁጥቋጦ ነው።

«ልጁስ? እጄን ታጥቤ እየጠበቅሁ ነው።»

«በልቷል» አለች ዶክተር ሳልዛኖ።

«ሁለተኛውን አምጡልኝ ታዲያ።»

«እሱም በልቷል። አራቱም በልተዋል። ዘፖላ።»

«የማን ዘፖላ?» አለ ሐኪሙ፤ ጥያቄው ምን እንደሚረባ እሱም ያወቀ አይመስልም። ከዚያ ጓንቱን ሳበና አወለቀው። «በቃ። ወደ ቤታቸው ይሂዱ። ሌላ ቀጠሮ ይያዝላቸው። እኔም ልሂድ፤ ቀኑ የስሜ ቀን ነው፣ ጁሴፔ ነኝ፣ የቅዱስ ዮሴፍ ሞክሼ፤ እናቴ ቤት ዘመድ ሁሉ ምሳ እየጠበቀኝ ነው።»

አሱንታ ከክፍሉ ወጥታ ሁሉንም ሰምታለች። መንታዎቹን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቲቲና ዞረች። «ደስ አለሽ አሁን? ደስ ይበልሽ!»

ቲቲና የፈራችው ሁሉ ሆነ። ቀጠሮው ቀረ፤ ሴቶቹ ጠሏት፤ ሚሬላም ዛሬ ሌሊት እንደ ሌላው ሌሊት ልታድር ነው። የሚገርመው ግን አልወደቀችም። አንድ እግሯ ባዶ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ፣ እሷ ግን ቆማለች። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል ብላ ፈለገች፤ ለጊዜው አላገኘችም። ወደ ሐኪሙ ሄደች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

«ሴትዮ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ንግግር አይደለም።» አፏን ከፍታ እንደ ልጇ አንኮራፋች። ኮሪደሩ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አልጋ የሚገፋው ሰው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ቀጥ አደረገችው። ትንፋሿን ይዛ ዝም ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሐኪሙ ጠበቀ። እሷም ዝም። ፊቷ ቀላ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ሐኪሙ «በቃ፣ ይበቃል» አለ፤ አላበቃችም። ደረቷ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ነው አየሩን በጩኸት የሳበችው። ግድግዳውን ይዛ ተረጋጋች።

«እንዲህ ነው» አለች። «ይሄን ያህል ነው የምትቆየው። ከዚህም በላይ የምትቆይበት አለ። ስንቴ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። እርስዎ ሌላ ቀጠሮ ይላሉ፤ እኔ እስከዚያ እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቃት? እባክዎን፣ ሆዳቸው እስኪጠራ ቢቆዩልን። እስከ ማታ ቢሆን። አፋቸውን እኔ እጠብቃለሁ። ዝንብ አይገባበትም።»

ዶክተር ሚሊቴሎ ቅንድቡን አሸው። ወደ ዶክተር ሳልዛኖ አየ።

«እኔ እቆያለሁ» አለች ዶክተር ሳልዛኖ። «የተጠበሰ ነገር ቶሎ አይወርድም። ወደ ማታ ግን ይሆናል። ክፍሉም ከሰዓት ባዶ ነው።»

«እናቴንስ ማን ይነግራታል?»

«እኔ ልንገርልዎት?» አለች ቲቲና ከልቧ።

ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ሎሬዳና ከመዳፏ ሥር ተናገረች። «ክፉ ወሬ ማድረስስ ታውቅበታለች።»

መጀመሪያ የሳቀችው ዶክተር ሳልዛኖ ናት፤ ከዚያ አልጋ የሚገፋው ሰው፤ ከዚያ ሐኪሙ ሳይወድ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ጥግ ሄደ። የእናቱ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩን ሞላ፤ ያው የዶና ኤርሲሊያ ድምፅ ነው፣ ሰፈሩ ቢለይም። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ «አዎ እማዬ... አይ፣ አልበላሁም... እሺ... ማታ ታሞቂልኛለሽ» ይላል።

እንግዲህ ጥበቃው ተጀመረ። ቲቲና መስኮቱን ዘጋች፤ ዘንቢሉን ሲስተር ኦርኔላ ወስዳ ቆለፈችበት። ልጆቹ መጀመሪያ ተጫወቱ፣ ከዚያ ራባቸው፣ ከዚያ አለቀሱ። ኑንትሲዮ «አንዲት ፍርፋሪ ብቻ» እያለ አልጋ ለአልጋ ለመነ። ቲቲና ከመሃል ተቀምጣ የአራቱንም እጅ ታያለች፤ አንደኛው መንታ ትራሱን ሲነክስ እንኳ ተነስታ አፉን ከፍታ መረመረችው። ሎሬዳና ጀርባዋን ሰጥታት ተቀምጣለች።

የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ዶና ኤርሲሊያ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ወሬው ከታች ደርሷታል። ገብታ አልተቀመጠችም፤ አልጋው እግር ላይ ቆመች። ቲቲና ለጠብ ተዘጋጀች።

«ልገድላት ነበር?» አለች አሮጊቷ።

«አላወቁም እማማ። እኔም አላወቅሁም።»

«አንቺ ግን ፈራሽ።»

«እኔማ ሁሌ ነው የምፈራው።»

«እኔም ሁሌ ነው የምስቅብሽ።» ዶና ኤርሲሊያ ሻሿን አጠበቀች፤ ይቅርታ ለማለት ሞክራ አፏ አልታዘዝ አላት። በምትኩ ወንበር ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የመጣ ጠያቂ ሁሉ ኪሱንና ቦርሳውን አሳይቶ ነው የገባው። የአሱንታ ባል ከረሜላ ይዞ ሲመጣ፣ «አንተ አህያ፣ ልጆችህን ልትገድል ነው? ከጉሮሮ ወደ ሳንባ እንደሚወርድ አታውቅም?» ብላ ነጠቀችው። ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ነገር ይመስል ነበር።

ጥላው በግድግዳው ላይ ሲረዝም ዶክተር ሳልዛኖ መጣች። ሆዳቸውን ዳሰሰች፤ ጠየቀች፤ ይህን ጊዜ ማንም አልዋሸም። ኑንትሲዮ እንደገና መጀመሪያ ሄደ። ሎሬዳና እየተከተለች እጁን አልለቅ አለች። መንታዎቹ ተከተሉ። አንድ በአንድ ሄዱ፤ አንድ በአንድ እንቅልፍ እንዳናወዛቸው ተመለሱ። ሚሬላ የመጨረሻዋ ናት።

ቲቲና እስከ በሩ ሸኘቻት። በሩ ሲዘጋ እንደ ልማዷ ክፉ ክፉውን ማየት ጀመረች፤ መብራት ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ይበዛል፣ የሐኪሙ እጅ በረሃብ ይንቀጠቀጣል። «ምሳ ሳይበላ እኮ ነው የሚሠራት!» አለች ድንገት ለዶና ኤርሲሊያ። አሮጊቷ እጇን ያዘቻት። «ያ ሰውዬ ሦስት ልጅ ሠርቶ መልሷል። ዝም ብለሽ ያዢኝ» አለቻት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ተያይዘው አያውቁም ነበር።

ዶክተር ሚሊቴሎ ሲወጣ ቆቡ ላብ ጠጥቷል።

«አለቀ። እንዴት ስትተነፍስ እንደኖረች እንጃ። ሁለት እንቁላል ነው ያወጣሁላት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እስካሁን?»

ሐኪሙ አያት፤ ቅንድቡ ተነሳ። «እስካሁን፣ ሴትዮ። ለነገም እንደዚሁ ይመስለኛል። አሁን ልሂድ፣ እናቴ ልትገድለኝ ነው።»

ሲመሽ ክፍሉ ውስጥ አራት ልጆች ተኝተዋል። ሚሬላ በጎኗ ተኝታለች፤ አታንኮራፋም። ቲቲና ድምፅ ስታጣ ደነገጠች፤ መዳፏን ከአፍንጫዋ ፊት አደረገች። ሞቅ ያለ አየር መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። እጇን አነሳች፤ መልሳ አደረገች። መጣ፣ ሄደ። አልተቋረጠም። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ማንም እንዳያይባት ወደ ግድግዳው ዞረች።

መልሳ ስትዞር ሎሬዳና ፊቷ ቆማለች። ዓይኖቿ በርበሬ መስለዋል። አንድ ጫማ ይዛለች፤ ጠዋት በር ላይ የቀረውን። ወለሉ ላይ ወረወረችላት።

«ቀኑን ሙሉ በአንድ ጫማ ስትዞሪ ማንም አልነገረሽም?»

«አላስተዋልሁትም።»

«ስሚ» አለች ሎሬዳና እንደ መቆጣት እያለች። «አንቺ መቼም አትተኚም።»

«አልተኛም።»

«እንግዲያው የእኔንም እይልኝ። እኔ ዓይኔ አልችል ብሏል።» መልስ ሳትጠብቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ አንገቷ ወዲያው ዘነበለ፤ ገበያ በሞላበት ቀን እንደምትጮኸው አንኮራፋች።

ቲቲና ወንበሯን በሁለቱ አልጋዎች መሃል አደረገች። ትንሽ ቆይቶ ኑንትሲዮ ዓይኑን ገለጠ። ጉሮሮው አሞታል፤ ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«እማ?»

«እናትህ እዚያ ተኝታለች። ላስነሳት?»

ልጁ እናቱን አየ፤ ማንኮራፋቷን ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፣ አታስነሺያት ለማለት። ከዚያ ገና ማደንዘዣው ባልለቀቀው ዓይኑ ቲቲናን በጥርጣሬ መረመራት።

«አንቺስ ማነሽ?»

«ያሳበቅሁብህ ሴትዮ ነኛ።»

ኑንትሲዮ ነገሩን አሰበበት። ቂም ሊይዝ እንደሚገባው ያውቃል፤ ግን ደክሞታል። ከአንሶላው ሥር እጁን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።